«ቅጠሉ ስኳር ያወርዳል ወይ?» ያወርዳል፤ የሚያሳስበኝም ለዚሁ ነው

ጥያቄው ይሄ ነው፦ «አባቴ 61 ዓመታቸው ነው። ስኳር ከተገኘባቸው 8 ዓመት ሆኗቸዋል። ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ይወስዳሉ። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ወዳጃቸው የደረቀ ቅጠል ዱቄት ሰጧቸው። ጠዋት ጠዋት በውኃ በጥብጠው ይጠጡታል። በባዶ ሆድ 210 የነበረው 128 ገባ። አሁን ‹ኪኒኑን ልተወው ነው› እያሉ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ የ15 ዓመት ወንድምም አለኝ፤ ለእሱም ሊሰጡት አስበዋል። ይሄ ነገር እውነት ይሠራል? ከሚሠሩትስ የትኛው ይሻላል?»

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ መጀመሪያ ያስደነገጠኝ የአባትሽ ነገር አይደለም፤ የወንድምሽ ነው። ስለዚህ ከእሱ እጀምራለሁ።

በኢንሱሊኑ ፋንታ ምንም ዓይነት ዕፅ እንዳይሰጠው። ለአንድ ቀንም፣ ለሙከራም ቢሆን። በ15 ዓመቱ ኢንሱሊን የሚወጋ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ያለበት አንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ነው። ቆሽቱ ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ሴሎች የገዛ ሰውነቱ መከላከያ አጥፍቷቸዋል። ስኳር ያወርዳሉ ከሚባሉት ዕፆች አንዱም ኢንሱሊንን አይተካም። ቢበዛ ያለውን ያግዛሉ። ከሌለስ ምኑን ያግዙታል?

ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት የነበረውን ጊዜ አስቢ (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ያኔም በየአገሩ ለስኳር የሚባል ቅጠልና ሥር ነበር። ሆኖም አንደኛው ዓይነት የያዘው ልጅ ከወራት፣ ቢበዛ ከጥቂት ዓመታት በላይ አይቆይም ነበር። ሐኪሞቹ ዕድሜውን ለማራዘም የነበራቸው ዘዴ ልጁን ማስራብ ነበር። በ1921 ቶሮንቶ ውስጥ ፍሬደሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ኢንሱሊንን ከቆሽት ለይተው አወጡ። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሊዮናርድ ቶምሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ተወጋ። ሊሞት ተቃርቦ የነበረው ልጅ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። ወንድምሽ ዛሬ የሚወጋው የዚያን ልጅ ሕይወት ያተረፈውን ነገር ነው።

ኢንሱሊን ሲቋረጥ ሰውነት ስኳሩን መጠቀም ስለማይችል ስብ ማቃጠል ይጀምራል። ኬቶን የሚባል አሲድ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ይህ የሚሆነው በሳምንታት አይደለም፤ በሰዓታትና በአንድ ሁለት ቀን ነው። ትውከት፣ የሆድ ሕመም፣ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል የአፍ ጠረን፣ መፍዘዝ ካየሽበት ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። «እስኪ ይደር» የሚባልበት ነገር አይደለም። ኢንሱሊኑን ሳያቋርጥ ዱቄቱን በተጨማሪ ይውሰድ ቢሉም መልሴ ያው ነው። የኢንሱሊኑ መጠን የሚወሰነው በሚበላው ምግብና በልኬቱ ነው። ምን እንደሆነ ያልታወቀ ነገር ስትጨምሪበት ያ ስሌት ይበላሻል።

አሁን ወደ አባትሽ።

ፋርማሲስት ነኝ። «ዕፅ ምንም አይሠራም» እንድልሽ ጠብቀሽ ከሆነ አልልሽም፤ እውነት አይደለምና። አባትሽ ልተወው የሚሉት ሜትፎርሚን ራሱ የዘር ሐረጉ ከዕፅ ነው። አውሮፓ ውስጥ ጋሌጋ የሚባል ሐምራዊ አበባ ያለው ተክል አለ። በመካከለኛው ዘመን የነበሩ ሰዎች ሽንት ለሚበዛባቸው ሕመምተኞች ይሰጡት ነበር። በኋላ ሲመረመር ውስጡ ጋሌጂን የሚባል ንጥረ ነገር ተገኘ፤ ስኳርን በእርግጥ ያወርዳል። ችግሩ መርዝነቱ ነበር። ተክሉን የጋጡ በጎች ይሞቱ ነበር። የሚጠቅመው መጠንና የሚጎዳው መጠን በጣም ተቀራረቡ። በ1922 ኤሚል ቨርነርና ጄምስ ቤል ደብሊን ውስጥ የጋሌጂን ዘመድ የሆነውን ሜትፎርሚንን በቤተ ሙከራ ሠሩ። ከዚያ ዞር ብሎ ያየው ሰው ስላልነበረ ለዓመታት ተረሳ። በ1957 ዣን ስተርን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ለስኳር ሕመምተኞች መስጠቱን ይፋ አደረገ። አሜሪካ ደግሞ እስከ 1994 ድረስ አልፈቀደችውም።

ይህን የምነግርሽ ታሪኩ ስለሚጥም ብቻ አይደለም። ከጋሌጋ እስከ ሜትፎርሚን ያለው ርቀት ምን እንደሆነ እንድታዪው ነው። የሚጠቅመው ነገር ከመርዙ ተለየ፤ መጠኑ ታወቀ፤ ኩላሊትና ጉበት ላይ የሚያደርገው ተጠና። አባትሽ ኪኒኑን ትተው ወደ ዱቄቱ ሲሄዱ ከሰው ሠራሽ ወደ ተፈጥሮ እየሄዱ አይደለም። ከተለካ ዕፅ ወደ ያልተለካ ዕፅ እየተመለሱ ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። ከአፕል ዛፍ ቅርፊት በ1835 ፍሎሪዚን የሚባል ንጥረ ነገር ተገኘ። ኩላሊት ስኳርን በሽንት እንዲያስወጣ ያደርጋል። ዛሬ ስማቸው በ«ግሊፍሎዚን» የሚያልቀው መድኃኒቶች የመጡት ከዚያ ነው። ስለዚህ ዕፅን የሚንቅ ፋርማሲስት ሙያውን አያውቅም።

እሺ፣ የትኞቹ ይሠራሉ?

ትንሽ ደህና ማስረጃ አላቸው ከምላቸው አንዱ አብሽ ነው። የአብሽ ፍሬ ክብደት ግማሽ ያህሉ አሰር ነው። ማታ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ ብታሳድሪው ጠዋት የሚያዝለገልግ ነገር ታገኛለሽ። ዋናው ሥራ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ዝልግልጉ ነገር አንጀት ውስጥ ምግቡን ይሸፍነውና ስኳሩ ወደ ደም የሚገባው ቀስ እያለ ይሆናል። ከምግብ በኋላ ሽቅብ የሚወጣው ልኬት ረገብ ይላል። ከዚህ ሌላ አራት-ሃይድሮክሲአይሶሉሲን የሚባል አሚኖ አሲድ አለው። ይህ ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያነቃቃል። በሰው ላይ በተደረጉ ጥናቶች በቀን ከ5 ግራም እስከ 100 ግራም ተሰጥቷል። መጠኑ ምን ያህል እንደተራራቀ ተመልከቺ። አብዛኞቹ ጥናቶች ጥቂት ሰዎች የተሳተፉባቸውና አጭር ጊዜ የቆዩ ናቸው። ውጤቱ ግን በጥቅሉ ወደ መቀነስ ያዘነብላል። መጠነኛ ቅናሽ ነው፤ የመድኃኒት ረዳት ሊሆን ይችላል፣ ተተኪ ግን አይደለም።

አብሽም የራሱ ጣጣ አለው። ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል። ላብና ሽንት ላይ የራሱን ሽታ ያመጣል፤ ይህኛው አያሳስብም። ዝልግልጉ የኪኒን ወደ ደም መግባትንም ስለሚያዘገይ መድኃኒት ከተዋጠበት ሰዓት ማራቅ ያስፈልጋል። ዋርፋሪን የመሰለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር በብዛት አይውሰድ። ለኦቾሎኒ ወይም ለሽምብራ አለርጂ ያለበትም ይጠንቀቅ፤ ዘመዳሞች ናቸው። እርጉዝ ሴት ደግሞ እንደ መድኃኒት አድርጋ በብዛት አትውሰደው።

ቀረፋ ላይ ሰው ሁሉ ብዙ ተስፋ ጥሎበታል። ነገሩ የጀመረው በ2003 ነው። ፓኪስታን ውስጥ 60 ሕመምተኞች ላይ ተሞከረ፤ ግማሾቹ ለ40 ቀን በቀን ከ1 እስከ 6 ግራም ቀረፋ ወሰዱ። የባዶ ሆድ ስኳራቸው ከ18 እስከ 29 በመቶ ወረደ ተባለ። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ከዚያ ሌሎች ተመራማሪዎች ደግመው ሞከሩት። ለአንዳንዱ ሠራ፣ ለአንዳንዱ አልሠራም። በ2012 ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ቡድን 577 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 10 ጥናቶች አሰባስቦ መዘነ። ቀረፋን ለስኳር ሕመም ለመምከር በቂ ማስረጃ የለም ሲል ደመደመ። እኔም ከዚያ ወዲህ ለማንም መክሬ አላውቅም። ምግብ ውስጥ ለጣዕም መጨመር ሌላ ነገር ነው። በማንኪያ እየለኩ በየቀኑ መውሰድ ግን አይመከርም። በብዛት የሚሸጠው ካሲያ የሚባለው ቀረፋ ኩማሪን የሚባል ነገር አለው። ኩማሪን ሲበዛ ጉበት ይጎዳል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ያስቀመጠው የቀን ጣሪያ ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.1 ሚሊግራም ነው። ለ60 ኪሎ ሰው 6 ሚሊግራም ማለት ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ካሲያ ብቻውን ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። የሲሎን ቀረፋ የሚባለው ኩማሪኑ በጣም ጥቂት ነው፤ ሲፈጭ ግን ሁለቱን መለየት ከባድ ነው።

ካሬላ የሚባል ቆዳው የተጎረባበጠ መራራ ፍሬ አለ። በእስያ በሰፊው ይታወቃል። ከኢንሱሊን ጋር የሚመሳሰል ሥራ ያላቸው ንጥረ ነገሮች አሉት ይባላል። በሰው ላይ የተገኘው ማስረጃ ግን ደካማ ነው። በ1979 አንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ዘገባ ግን አይረሳኝም። ክሎርፕሮፓማይድ የሚባል የስኳር ኪኒን የምትወስድ ሴት ካሬላና ነጭ ሽንኩርት ያለበት ወጥ ስትበላ ከስኳር ኪኒኑ ብቻ ከሚጠበቀው በላይ ስኳሯ ይወርድ ነበር። ክሎርፕሮፓማይድ ደግሞ አባትሽ የሚወስዱት የግሊቤንክላማይድ ታላቅ ወንድም ነው። አንድ ቤተሰብ ናቸው። ወደዚህ እመለሳለሁ። የካሬላ ፍሬው ውስጥ ያለው ዘር ጂ-ሲክስ-ፒ-ዲ የሚባል ኢንዛይም ለሚያንሳቸው ሰዎች ቀይ የደም ሴል ሊያፈርስ ይችላል። እርጉዝ ሴትም አትጠጣው።

ቤርቤሪን የሚባለው ከአንዳንድ ዕፆች ሥርና ቅርፊት የሚወጣ ቢጫ ንጥረ ነገር ነው። በ2008 በወጣ የቻይና ጥናት 36 አዲስ ሕመምተኞች ለሁለት ተከፍለው ቤርቤሪን ወይም ሜትፎርሚን ተሰጣቸው። በቀን ሦስት ጊዜ 500 ሚሊግራም ቤርቤሪን ለሦስት ወር የወሰዱት ሰዎች የሦስት ወር የደም ስኳር አማካያቸውን የሚያሳየው ምርመራ ከ9.5 ወደ 7.5 በመቶ ወረደ። ጥሩ ውጤት ነው። ነገር ግን 36 ሰው ነው። ደግሞም ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን የሚሰባብርበትን መንገድ ስለሚዘጋ የደም ግፊት፣ የልብና የኮሌስትሮል ኪኒኖች ደም ውስጥ ከመጠን በላይ እንዲከማቹ ያደርጋል። ለእርጉዝና ለሚያጠቡ እናቶች ፈጽሞ አይሆንም፤ የጨቅላውን ቢጫ በሽታ ያባብሳል።

ጂምኔማ ስለሚባለው የሕንድ ሐረግ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ቅጠሉን አኝከሽ ስኳር ብትቀምሺ ጣፋጩ ይጠፋብሻል፤ አሸዋ የቀመስሽ ይመስልሻል። ምላስ ላይ ያለውን የጣፋጭ መቀበያ ይዘጋል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ስኳሩን ገደለው» ይላል። ምላስ ላይ መጥፋትና ደም ውስጥ መጥፋት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሞሪንጋና ጥቁር አዝሙድም ይነሳሉ። ሁለቱም ተስፋ የሚሰጡ ትንንሽ ጥናቶች አሏቸው፤ ከዚያ ያለፈ ነገር በእርግጠኝነት ልነግርሽ አልችልም። ሬት ደግሞ ከቅጠሉ ቆዳ ሥር የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ኃይለኛ የሚያስቀምጥ ነገር ነው። ሲደጋገም ፖታሲየም ያሟጥጣል፤ ልብን ያውካል።

አሁን ዋናው ጥያቄ። አባትሽ የሚጠጡት ዱቄት ምንድን ነው? ጥያቄሽ ውስጥ ስሙ የለም። ስሙን አታውቂው ይሆናል። እሳቸውም ላያውቁት ይችላሉ። እኔን ያስጨነቀኝ ይሄ ነው።

ልኬቱ ከ210 ወደ 128 የወረደበት ምክንያት ከሦስት አንዱ ሊሆን ይችላል። ምናልባት ቅጠሉ እውነት ይሠራል። ምናልባት ደግሞ ሰው አዲስ መድኃኒት ሲጀምር ከእሱ ጋር ብዙ ነገር ይለውጣል። ጣፋጭ ይቀንሳል፣ ኪኒኑን ሳይዘነጋ ይውጣል፣ ወክ ያደርጋል፣ ቶሎ ቶሎ ይለካል። ከዚያ ሁሉ ምስጋናው ለቅጠሉ ይሄዳል። 210ሩም የአንድ መጥፎ ቀን ልኬት ሊሆን ይችላል። የአንድ ጠዋት ቁጥር ብዙ አይናገርም።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው። ዱቄቱ ውስጥ ኪኒን ተፈጭቶ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ይሄ ግምት ብቻ አይደለም። በተለያዩ አገሮች «የተፈጥሮ» ተብለው የተሸጡ የስኳር መድኃኒቶች ሲመረመሩ ግሊቤንክላማይድ፣ ሜትፎርሚን፣ እንዲያውም ደምን በአሲድ ስለሚመርዝ በብዙ አገሮች ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከገበያ የወጣው ፌንፎርሚን ተገኝቶባቸዋል። በ2008 ሲንጋፖር ውስጥ በአምስት ወር ገደማ 150 ሰዎች ስኳራቸው ክፉኛ ወርዶ ሆስፒታል ገቡ። ሰዎቹ የስኳር ሕመም የሌለባቸው ነበሩ። ሲጣራ የወሲብ ብቃት ይጨምራሉ ተብለው በሚሸጡ ምርቶች ውስጥ ግሊቤንክላማይድ ተገኘ። ሰባቱ ራሳቸውን እንደሳቱ ቀሩ፤ ከእነሱ አራቱ ሞቱ። አባትሽ ግሊቤንክላማይድ በኪኒን እየወሰዱ ነው። ዱቄቱም ውስጥ ካለ እጥፍ እየወሰዱ ነው ማለት ነው፤ እሳቸው ግን አያውቁም።

«ተፈጥሮ ነው፣ ምን ይጎዳል?» ለሚልሽ ሰው ስለ አኪ ፍሬ ንገሪው። ያልበሰለ አኪ ውስጥ ሃይፖግላይሲን የሚባል ነገር አለ። ስሙ ራሱ «ስኳር አውራጅ» ማለት ነው። ጃማይካ ውስጥ ይህን የበሉ ሰዎች ስኳራቸው ተሟጥጦ ሞተዋል። በ2014 ሕንድ ሙዛፋርፑር አካባቢ ሊቺ የሚባል ፍሬ በልተው ራት ሳይበሉ ያደሩ ሕፃናት በዚሁ ዓይነት መርዝ ተቀጥፈዋል። ሁለቱም ፍሬዎች ፍጹም ተፈጥሯዊ ናቸው። ስኳርንም በእርግጥ ያወርዳሉ።

ለዚህ ነው «ይሠራል?» ከሚለው በላይ «ከምን ጋር እየተወሰደ?» የሚለው የሚያሳስበኝ። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች እምብዛም አያወርድም። ግሊቤንክላማይድ ግን ቆሽትን አስገድዶ ኢንሱሊን ያስመነጫል። ምግብ ተበላ አልተበላ አይጠይቅም። ውጤቱ አንድ ሙሉ ቀን ሊቆይ ይችላል። ዕድሜ በገፋና ኩላሊት በደከመ ቁጥር ደግሞ ከሰውነት ለመውጣት ይዘገያል። እዚህ ላይ ሌላ ስኳር አውራጅ ሲጨመር አደጋው ያኔ ነው። አንድ ሽማግሌ አስታውሳለሁ። ለሁለት ሳምንት ኪኒናቸውን ከማይታወቅ ቅጠል ጋር ወሰዱ። ልኬታቸው ስላማረ ቤቱ ሁሉ ተደስቶ ነበር። አንድ ቀን ራት ሳይበሉ ተኙ። ጠዋት መቀስቀስ አልተቻለም። ልኬታቸው 31 ነበር። በሕይወት ተርፈዋል፤ ግን ንግግራቸው እንደ ድሮው አልሆነም።

ስለዚህ ቤት ያላችሁ ሁሉ ይህን እወቁ። ከ70 በታች ከሆነ ወርዷል ማለት ነው። ከ54 በታች ደግሞ አደገኛ ነው። ምልክቱ ቀዝቃዛ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ መበሳጨት፣ መቀባዠር ነው። አንዳንዴ ሰውየው የሰከረ ይመስላል። ንቁ ከሆኑ 15 ግራም ስኳር ስጧቸው፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ በውኃ የተበጠበጠ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ጣፋጭ ጭማቂ ማለት ነው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኩ። ካልወጣ ድገሙ። ሲወጣ ምግብ ይብሉ። ራሳቸውን ከሳቱ በአፍ ምንም አታድርጉ፤ ያንቃቸዋል። ወዲያው ሆስፒታል። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ነቅቶ «ደህና ነኝ» ቢልም ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ኪኒኑ ገና ደሙ ውስጥ ስለሆነ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል።

ኪኒኑን ልተወው የሚሉትስ? እስኪ 128ቱን እንደገና እይው። ያ ቁጥር የመጣው ሁለቱን ኪኒኖች እየዋጡ ነው። ኪኒኖቹ ከተነሱ ዱቄቱ ብቻውን ምን እንደሚያደርግ ማንም አላየም። ሰው «ድኛለሁ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ እየሠራለት ሳለ ነው። ስኳር ደግሞ 180ም 220ም ሆኖ አያምም። ሰውየው ደህና ነው፤ ዓይኑ፣ ኩላሊቱ፣ የእግሩ ነርቭ ግን ደህና አይደሉም። በ1998 ውጤቱ በወጣው ትልቅ የብሪታንያ ጥናት ከ5,000 በላይ አዲስ ሕመምተኞች ለዓመታት ክትትል ተደርጎባቸዋል። ስኳራቸው ጠበቅ ተደርጎ የተያዘላቸው ሰዎች የዓይንና የኩላሊትን የመሰለ የጥቃቅን ደም ሥሮች ጉዳት በ25 በመቶ ቀነሰላቸው። ያንን ያስገኘው ኢንሱሊንና አባትሽ የሚወስዱትን የመሰሉ ኪኒኖች ናቸው።

አሁን ምን ይደረግ? ዱቄቱ ምን እንደሆነ እስኪታወቅ ይቁም። ኪኒኖቹ ይቀጥሉ። ዱቄቱ ሲቆም ልኬቱ ሊወጣ ስለሚችል አትደንግጡ። በየጠዋቱ በባዶ ሆድ፣ በተጨማሪም አንዱን ምግብ መርጣችሁ ከበሉ ከሁለት ሰዓት በኋላ ለኩ። በደብተር ጻፉት። በዚሁ ሳምንት ሐኪማቸው ዘንድ ይሂዱ፤ ደብተሩንና ዱቄቱን ከነዕቃው ይዘው። ሐኪሙ የሦስት ወር አማካዩን ያዝዛል። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ስለሚኖር ያ ምርመራ የአንድ ጠዋት ሳይሆን የወራት ታሪክ ይናገራል። የኩላሊትና የጉበት ምርመራም ጠይቁ። ባልታወቀ ዕፅ ምክንያት ኩላሊታቸውን ያጡ ሰዎች አሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጅየም ውስጥ ለክብደት መቀነሻ ተብሎ የተሰጠ ዕፅ ብዙ ሴቶችን ለኩላሊት እጥበት ዳርጓል።

ለስኳር ሕመምተኛ በባዶ ሆድ ከ80 እስከ 130 የሚፈለግ ልኬት ነው። የአባትሽ ልኬት እዚያ ውስጥ ከጸና መልካም ዜና ነው። ያኔ ሐኪሙ ራሱ ግሊቤንክላማይዱን ሊቀንስላቸው ይችላል። ኪኒን መቀነስ የማይቻል ነገር አይደለም። የሚቀነሰው ግን በልኬት ነው፤ ደስ ስላለን ብቻ አይደለም።

የትኛው ይሻላል ብለሽ ለጠየቅሽው፦ አባትሽ ያለ ዕፅ አይሆንልኝም ካሉ፣ ሐኪማቸው እያወቀ፣ አብሽን ከምግብ ጋር በትንሹ ይጀምሩ። ሌላ ምንም አይቀላቅሉበት። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከጀመሩ የትኛው እንደሠራ፣ የትኛው እንደጎዳ አይታወቅም። ለሦስት ወር ይለኩ፤ አማካዩ ካልተነቃነቀ ይተዉት። ቀዶ ሕክምና ቢያጋጥማቸው ከሁለት ሳምንት በፊት ማቆም አለባቸው። ለሐኪሙም ለሰመመን ባለሙያውም ይናገሩ። የሚሸጥላቸው ሰው «ሙሉ በሙሉ ይፈውሳል፣ መድኃኒትህን ጣል» ካለ፣ የዕፁንም ስም ካልነገራቸው፣ ከዚያ ሰው እጅ ምንም አይቀበሉ።

አንቺንም ልጨምር። አባትሽ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ካለባቸው አንቺም ከሌላው ሰው የበለጠ ዕድሉ አለሽ። በ2002 የወጣ የአሜሪካ ጥናት 3,234 ለስኳር የተቃረቡ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተደረጉት ሰዎች ወደ ስኳር ሕመም የመግባት ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተሰጣቸው በ31 በመቶ። እስካሁን ከጠቀስኩልሽ ዕፆች አንዱም በዚህ ያህል ትልቅ ጥናት እንዲህ ያለ ውጤት አላሳየም። ልኬትሽን ካላወቅሽው አባትሽን ይዘሽ በምትሄጂበት ቀን አንቺም ተለኪ።

ከአባትሽ ጋር ስትነጋገሪ ደግሞ አትከራከሪ። ዱቄቱን ከእጃቸው ቀምተሽ ብትጥዪ ተደብቀው ነው የሚጠጡት፤ ያ ደግሞ ይብሳል። ስምንት ዓመት ኪኒን መዋጥ ያደክማል። ተስፋ አግኝተዋል፤ ይሄን አትናቂባቸው። «አባዬ፣ ቁጥሩ ወርዷል፤ ደስ ብሎኛል። ለምን እንደወረደ አብረን እንወቅ» በያቸው። ዱቄቱን ራሳቸው ይያዙትና ለሐኪሙ ያሳዩት። እስከዚያው ድረስ አንድም ልኬት ከ70 በታች ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ መጀመሪያ ስኳር ስጧቸውና በዚያው ቀን ሂዱ።